የኔቪል ክላክስ

እዚህ አውስትራሊያ ገጠር፣ የቱሊቢን መንደር ሰው ባለቤቴን ኔቪልን የሚያውቀው በመኪናው ክላክስ ነበር። እኔም ብሆን ያው ነኝ። እኛ ጋ ኳስ ሲኖር፣ ያው አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ሆነው በአራት ሩብ የሚጫወቱት የአውስትራሊያ ኳስ ነው፣ ሰው መኪናውን ሜዳው ዳር ዳር፣ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጎ ያቆማል። ብርዱ ሲጠና መስኮቱን ዘግቶ እዚያው እንደተቀመጠ ያያል። የኛ ልጆች ጎል ሲያገቡ ታዲያ ሁሉም ክላክሱን ይጫናል። እኔ ግን ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከክለቡ ሴቶች ጋር ወጥ ቤት ነኝ፤ በሊጥ የተጋገረ የሥጋ ፓይ ሳሞቅ፣ ሻይ ስቀዳ፣ ዳቦ ስቀባ። የወጥ ቤቱ መስኮት ደግሞ የሚያሳየው ሽንት ቤቱን ነው። ስለዚህ ጨዋታውን የምከታተለው በጆሮዬ ነበር። ክላክስ ከጮኸ ጎል ነው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የኔቪልን እለየዋለሁ፤ ወፍራም፣ ሁለት ድምፅ ያለው፣ ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚመስል። "ቫልዳ፣ ያንቺው ሰውዬ ጮኸ" ይሉኛል ሴቶቹ። እኔም ቢላዬን ሳላስቀምጥ ፈገግ እላለሁ።

ኔቪል ብዙ የተማረ ሰው አልነበረም። ዕድሜውን የፈጀው ሐዲዱ አጠገብ በቆመው ረጅም የስንዴ ጎተራ ውስጥ፣ የእህል ማንሻ ማሽኖቹን ሲጠብቅ ነው። ማሽን ሊታመም ሲል ቀድሞ ይሰማው ነበር። እራት እየበላን ሹካውን ያስቀምጥና "ያቺ ሁለተኛዋ ነገ ታቆማለች" ይለኛል። ታቆማለች። መኪናዋን የገዛት ሳንጋባ ነው። የስልሳ አራት ሞዴል ሆልደን፣ ክሬም ቀለም፣ ጣሪያዋ ቀይ። ቤተ ክርስቲያን በእሷ ሄድን፤ ልጃችንን ጁዲትን ልወልድ ስል ሆስፒታል ያደረሰችኝ እሷ ናት፤ እናቴን ልንቀብርም የሄድነው በእሷ ነው። አንድም ቀን መንገድ ላይ አስቀርታን አታውቅም።

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ አበባ ይተክላል። ኔቪል ሞተር ተከለ። የመኪናዋን የራሷን ሞተር አውጥቶ፣ ከተጋጨ ሌላ መኪና የተረፈ ትልቅ ሞተር አስገባባት። ኮረብታ በሌለበት አገር ያ ሁሉ ጉልበት ምን እንደሚያደርግላት ጠይቄው፣ "ለክብሯ ነው" አለኝ።

ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለን። መጀመሪያ እጁ ነበር፣ ቀጥሎ እግሩ ከበደው፣ በኋላ ደግሞ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ከጓዳ ሆኜ ሲጠራኝ አልሰማውም፤ ሰምቼ እንዳልመጣሁ ቆጥሮ ያኮርፈኛል። "ግድ የለም፣ እኔ ባልጮህ እሷ ትጮህልኛለች" ይል ነበር፣ በመስኮት መኪናዋ ወደምትቆምበት ሼድ እያየ።

ክለባችን ሊዘጋ መሆኑን የሰማነው በዚያ ሰሞን ነው። ወጣቱ ከተማ ገብቶ አልቋል፣ የቀረው ቡድን አይሞላም። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ዕድሜ ልካችንን ስንጠላው ከኖርነው ከጎረቤት ክለብ ጋር እንቀላቀላለን፤ ጨዋታውም በእነሱ ሜዳ ይሆናል ተባለ። በኛ ሜዳ የቀረው የነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ኔቪል ዜናውን ሲሰማ፣

"በእሷ እሄዳለሁ" አለ። "ቦታዬ ላይ እቆማለሁ። ጎል ሲገባ ክላክስ አደርጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ቦታው ከውጤት ሰሌዳው ቀጥሎ፣ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ነው። እሱ ቢቀርም ባይቀርም ማንም አይቆምበትም።

"እግርህ እምቢ ካለ በትንሿ ነጭ መኪና እወስድህ የለ?" አልኩት። እኔ ገበያ የምሄድባት መኪና ናት።

"የእሷ ክላክስ እንደ ዳክዬ ነው። ክለብ በዳክዬ አይሸኝም።"

ለዚያ ቀን ሊያዘጋጃት ተነሳ። ትልቁ ሞተር ቆም ሲል ይግል ነበርና ጓደኛው ቤቫን ራዲያተሩ ፊት በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ገጠመላት። ቤቫን ከኛ ማሳ ማዶ ያለ ገበሬ ነው። ከኔቪል ጋር አንድ ወንበር ላይ ተምረው አንድ ቀን አብረው ያቋረጡ ናቸው። ለማራገቢያው ደግሞ ባትሪውን የሚሞላው የጥንቱ ዲናሞ አቅም አነሰው። ኔቪል በዚያው ሳምንት አሮጌውን አውርዶ የዘመኑን ዲናሞ ብቻውን አሰረ። ቤቫን ላግዝህ ቢለው እምቢ አለ። "ይህቺን ልሥራት" አለ፤ "ይህቺን ብቻ።" ስንት ጊዜ ብሎን ሲወድቅበት፣ ስንት ጊዜ ሲሳደብ ከወጥ ቤቴ ሰማሁ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ፤ ጨርቁ እጁ ላይ ይርገበገብ ነበር። በመኪናዋ እስከ ሐይቁ ሄደን ተመለስን፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ አብርቶ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የቻርጅ ቀይ መብራት ቁልፍ ሲዞር እንዳልበራች አይቼ ነገርኩት። "አምፖሏ ተቃጥላ ነው" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሆልደኗ አልነሳ አለች። ቁልፉን አዞረ፤ ጭጭ። ሞተሪኖዋ ቅጭል እንኳ አላለችም። ባትሪውን ቻርጅ አደረግነው፣ ተነሳች። አድራ ጠዋት እንደገና ሞተች። ባትሪው አርጅቶ ነው ብለን አዲስ ገዛን። እሱም አንድ ሌሊት አላለፈም።

"የሚበላው አለ" አለ ኔቪል። "ቆማ የሚበላት አለ። ነይ፣ እጅ ሁኚኝ።"

ያን ሁሉ ዓመት ስንኖር ሼዱ ውስጥ ገብቼ የነካሁት ነገር ቢኖር የሻይ ሲኒ ነው። እሱ የወተት ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ፣ እኔ ኮፈኑ ሥር አጎነበስኩ።

"ጥቁሩን ሽቦ ከባትሪው ፍቺው። አዎ። አሁን ያቺን ትንሽ አምፖል በሽቦውና በባትሪው መሃል ያዢልኝ። ከበራች ሌባ አለ ማለት ነው።"

በራች።

"ፊውዞቹን አንድ ባንድ ንቀይ። የጠፋችበት ላይ ሌባው እዚያ ነው።"

ነቀልኩ። የፊት መብራቱን፣ የሬዲዮውን፣ የሰዓቷን። አምፖሏ ዓይኗን አልጨፈነችም።

"ሁሉንም ነቀልሽ?"

"የቀረ የለም።"

"እንግዲያው ከፊውዝ ውጪ የታሰረ ነገር ነው" አለና አሰበ። "የቤቫን ማራገቢያ።"

ሌላም ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም።

ቤቫን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ውሻውን አስከትሎ መጣ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ገና አልሞትክም?"

"አንተን ልቅበር ብዬ ነው።" ይህ ሰላምታቸው ነው። ኔቪል ግን አልሳቀም። "ማራገቢያህ ባትሪዬን እየበላ ነው።"

"የኔ ማራገቢያ? ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል እኮ። ራሴ ነኝ ያሰርኩት።"

"ለዚያ ነዋ።"

"ኧረ ተው! ዲናሞውስ? እሱም እኮ ከፊውዝ ውጪ ነው። እስቲ ልየው—"

"አትንካ!"

ከዚያ ከሳሳ ድምፁ ያ ጩኸት ከየት እንደወጣ እንጃ። ውሻው ሳይቀር ጆሮውን ጣለ።

"ኔቭ" አለ ቤቫን ቀስ ብሎ፣ "እኔ ምንም አላልኩም። ግን እጅህ እኮ..." አልጨረሰውም። ባይጀምረው ምን ነበረበት።

"ማራገቢያህን ይዘህ ውጣልኝ።"

ቤቫን ካቻቪቴውን አንስቶ ማራገቢያውን ፈታ። ብሎኖቹን አንድ ባንድ ኪሱ ከተተ። ሲወጣ "ደህና ሁኚ ቫልዳ" አለኝ፤ ለእኔ ብቻ።

ባትሪውን ዳግም ሞልቼ አሳደርኩና በማግስቱ ሄጄ ቁልፉን አዞርኩ። ጭጭ። ስመለስ ኔቪል ከአልጋው፣ "ተነሳች?" አለኝ።

"አልተነሳችም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማታ ማታ ባትሪውን ነቅዬ ጠዋት ብሰካው አይሻልም ወይ አልኩት። "መንቀሉንስ ንቀዪው" አለ። "ሜዳ ላይ ቆማ ስትውልስ? ሬዲዮዋን እየሰማን፣ ክላክሷን እየተጫንን፣ በአራተኛው ሩብ አንገቷን ትደፋለች። ተገፍታ የወጣች መኪና ምን እንደሚደረግባት ታውቂያለሽ።" አውቃለሁ። የሜዳው ሰው በሙሉ ክላክስ ያደርግባታል፤ ለሳቅ ነው፣ ግን ሳቁ ለባለቤቱ አይታየውም።

ከተማ ላለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ደወልኩ። ሥራ በዝቶበታል፣ ከቅዳሜው በኋላ ባለው ሳምንት ልይላችሁ አለኝ። ከቅዳሜ በኋላ ምን ያደርግልናል? ጁዲት ከሜልቦርን ስትደውል ነገርኳት። "እማዬ፣ አሮጌ መኪና ነው እኮ" አለችኝ። ልክ ናት።

አንድ ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ ከሼዱ ጧ! የሚል ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ኔቪል ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል፣ መፍቻው ወዲያ ተወርውሯል፣ አንድ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ብቻውን ባትሪውን ሊፈታ ሲሞክር እጁ ከድቶት መፍቻው ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ ነው።

"አልነካኝም" አለ።

ላነሳው ሞከርኩ፤ ከበደኝ። ከጎኑ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም እንደዚያ ተቀምጠን የመኪናዋን ሆድ ከታች ስናይ ቆየን። ለእኔ ሽቦው ሁሉ አንድ ነው፤ ቀዩም ጥቁሩም የሚሄድበትን አላውቅም። እሱ የሚሄድበትን ያውቃል፣ እጁ ግን አያደርሰውም።

"ተዪው በቃ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት ሼዱን አልረገጠም። እኔ ግን ቻርጀሩን ሳልነቅል ማሳደር ያዝኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ይሆናል።

ሚንቲ የምትባል ነጭ ድመት ነበረችን። ክረምት ክረምት ከምድጃው አጠገብ አትነቃነቅም። በዚያ ሳምንት ግን ጠፍታ ታድርና ጠዋት ጀርባዋን ጥቁር ግራሶ ተቀብታ ትመጣለች። አይጥ ስታሳድድ ነው ብዬ ተውኳት። ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ግቢው በውርጭ ነጭ ሆኖ ባደረበት ጠዋት፣ ወደ ሼዱ ስገባ ከሆልደኗ ሥር ተንጠራርታ ወጣች። አነሳኋት። ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ትሞቃለች።

መኪናዋ ከተነሳች ግን ቀናት አልፈዋል።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ነጭ ፀጉር አለ፣ ዲናሞው ላይ። እጄን ሞተሩ ላይ አደረግሁ፣ በረዶ። ራዲያተሩ ላይ፣ በረዶ። ዲናሞው ላይ ሳደርግ ግን ገና ሻይ እንዳለበት ማንቆርቆሪያ ሞቅ ብሏል። ሞተር ሳይዞር፣ ቁልፍ ሳይገባ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል።

ምነው ድመቷን ባላነሳኋት ብዬ ተመኘሁ። ዲናሞው የእጁ የመጨረሻ ሥራ ነበር። ብነግረው እሱን እገድለዋለሁ፤ ባልነግረው ቅዳሜን። ድመቷን ይዤ ገባሁና ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ምን ሆና ነው የቆሸሸችው?" አለ። እጁ ፀጉሯ ላይ እየተንቀጠቀጠ ቆየ፣ ከዚያ አየኝ። "ትኩስ ናት።"

"አዎ።"

"የት ነበረች?"

"ከኮፈኑ ሥር።"

"ቻርጀሩ ተሰክቶ ነው ያደረው?"

"ተሰክቶ ነው።"

የማንሻ ማሽን ሲሰማ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘመም አደረገ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ድመቷን እያየ ተናገረ። "ዲናሞው ሁለት ትንንሽ ሽቦዎች አሉት። አንዷ በቀይዋ መብራት በኩል ከቁልፉ ነው መምጣት ያለባት፤ ቁልፉ ሲወጣ እሱም እንዲተኛ። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ባትሪው ላይ አስሬያቸዋለሁ። መብራቷም ለዚያ ነው ያልበራችው። አምፖሏ ምንም አልሆነችም።"

ጣቴን የነካኝን ግራሶ በሽርጤ ጠረግሁ።

"ቫልዳ። እጄ ነው ወይስ ጭንቅላቴ ነው የሳተው?"

እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም። "ሻይ ላፍላልህ" አልኩት።

ከሻዩ በኋላ ደግፌ ወደ ሼዱ ወሰድኩት። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ፒንሳውን ያዝኩ። "ይሄን? ይሄን ነው የምቆርጠው?" እላለሁ። "የለም፣ ቀጭኗን። እርግጠኛ ካልሆንሽ አትቁረጪ" ይላል፤ እንደገና አሳየዋለሁ። ቆረጥኩ። ከቀይዋ መብራት የሚመጣውን ሽቦ ሥራ ፈቶ ተንጠልጥሎ አገኘሁትና ከእሷ ጋር ገመድኩት። ቁልፉን ሳዞር ቀይዋ መብራት ቦግ አለች፣ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች። አጠፋሁትና አምፖሏን እንደገና በሽቦውና በባትሪው መሃል ያዝኩ።

"አልበራችም" አልኩት።

"ምንም?"

"ምንም።"

"ጥሩ እጅ አለሽ" አለኝ። የራሱን እጆች ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያያቸው ነበር። ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ለቤቫን ልደውል አለ። ቁጥሩን መታሁለት። "ቤቫን፣ ማራገቢያው አልነበረም" አለው። ቤቫን ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፤ የሱ ድምፅ ግን እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል። "ሃሎ? ማነው?" "ኔቪል ነኝ። ማራገቢያው—" "ሃሎ! ምንም አይሰማም! የምትሸጥ ከሆነ አልገዛም!" ዘጋበት።

"እኔ ልንገረው" አልኩ።

"አንቺ ከነገርሽው የኔ አይሆንም" አለ።

ቅዳሜ እኔ ነዳሁ፣ እሱ ከጎኔ በግራ በኩል ተቀመጠ። ክረምት ስለሆነ ያለ ማራገቢያውም አልፈላችም። ቁንዶ በርበሬው ሥር አፍንጫዋን አስገብቼ አቆምኩ። ሜዳውን ከፊት ሆኜ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ካሰብኩት ያንሳል። ቤቫን ሁለት መኪና አልፎ ቆሟል። ወደኛ አላየም።

የኛ ቡድን አሥራ ስምንት ለመሙላት ዳቦ ጋጋሪውን ሳይቀር አሰልፏል፤ ሰውዬው ጎልማሳ ሆኗል፣ የጁዲት እኩያ ነው። ተጋጣሚዎቻችን ያገባሉ፣ ማዶ ክላክስ ይጮኻል። እነዚያ ያገባሉ፣ ይጮኻል። የኛ ልጆች ኳሱን ይዘው ሲመጡ ኔቪል ዘንበል ብሎ ቀኝ እጁን መሪው ላይ፣ ክላክሱ ጋ ያደርሳል። እንዳይንቀጠቀጥና በባዶ እንዳይጮህበት በግራው አጥብቆ ይይዘዋል። ኳሱ ይጠፋል። እጁን ይመልሳል። ሦስቱ ሩብ እንዲህ አለቀ።

በአራተኛው የኋላ በራችን ተከፈተ። ቤቫን ነው፣ ሦስት ፓይ በወረቀት ይዟል። ገብቶ ተቀመጠ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለኔቪል ሰጠ።

"አልፈላችም?"

"በክረምት አትፈላም" አለ ኔቪል።

ቤቫን ወደ እኔ ዘንበል አለ። "ምን አለ?"

"አትፈላም አለ።"

ሊያበቃ ሲል ኳሱ ተንከባልሎ ዳቦ ጋጋሪው እግር ሥር ገባ። ማንም አጠገቡ የለም። ሜዳው ዳር ያለው መኪና ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ የሁሉም እጅ ክላክሱ ላይ እንደነበር አውቃለሁ። መታው። ሄደ፣ ሄደና ቋሚውን ነክቶ ወጣ። በኛ ኳስ ቋሚ የነካ ጎል አይደለም። ፊሽካው ተነፋ።

የኔቪል እጅ ክላክሱ ላይ እንዳለ ነው።

"ተጫነው ኔቭ" አለ ቤቫን። "የመጨረሻው ነው እኮ። ማን ይከለክልሃል?"

"ጎል አልገባም።"

"ምን አለ?"

"ጎል አልገባም አለ" አልኩት።

ኔቪል እጁን ቀስ ብሎ አንስቶ ፓዩ ላይ መለሰው። መኪኖቹ አንድ ባንድ እየተነሱ ወጡ። ሜዳው ባዶ እስኪሆን ቆየን። ከዚያ ኔቪል ፊቱን ሳያዞር፣ "ማራገቢያው አልነበረም። እኔ ነኝ" አለ።

ቤቫን በመስታወቱ አየኝ። ያለውን ደገምኩለት።

"እሱንማ አውቃለሁ" አለ ቤቫን፣ አፉ በፓይ ሞልቶ። "ሰኞ መልሼ እገጥመዋለሁ። አንተ ሽማግሌ።"

በማግስቱ እሑድ ውርጭ ነበር። ሚንቲ ምድጃዋ ጋ ተመልሳለች። ከልማድ ወደ ሼዱ ሄጄ ቁልፉን አዞርኩ፤ ገና ሳልጨርሰው ሞተሩ ተነሳ። ትንሽ አቆየሁትና አጠፋሁት። ስገባ ኔቪል ከአልጋው ሆኖ፣

"ተነሳች?" አለኝ።

"ተነሳች።"

"ባንድ ጊዜ?"

"ባንድ ጊዜ።"

"ወዴት ልትሄጂ ነበር?"

"የትም" አልኩት።